ምዕራፍ ስድስት፦ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል

ኅዳር 4 ቀን 2011 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ ሰው አንድ ነገር አይረሳም። ሄሊኮፕተር ያርፋል፣ በሩ ይከፈታል፣ ከዚያም እጃቸው በካቴና የታሰረ ሰው በጸጥታ ኃይሎች ታጅበው ይወርዳሉ። ሰውየው ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው ናቸው። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽንን፣ ሕዝቡ በአጭሩ ሜቴክ የሚለውን ድርጅት፣ ከ2002 ዓ.ም. ምሥረታው ጀምሮ ለስምንት ዓመት ያህል መርተዋል። የተያዙት ከሱዳን ድንበር አቅራቢያ፣ በሑመራ በኩል እንደነበር ተነገረ።

ምስሉ አዲስ አበባን ብቻ አላነጋገረም። በአዊ ዞን፣ ኢንጅባራና ዳንግላ ሻይ ቤት ውስጥ ዜና የሚጠብቅ ሰው፣ አዲስ አበባ ከሰል አራግፎ የተመለሰ የጭነት መኪና ሾፌር፣ በስልኩ ቪዲዮ የሚቀባበል ተማሪ ሁሉ አየው። እንዲህ ዓይነት ምስል ማብራሪያ አያስፈልገውም። ትናንት የማይደፈር የነበረ ሰው ዛሬ በካቴና ታስሯል፤ የቀረውን ተመልካቹ ራሱ ይጨርሰዋል።

ይህ ምዕራፍ ስለ ጄኔራሉ ጥፋተኛነት ወይም ንጹሕነት አይፈርድም፤ ያ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። የፖለቲካ ቅሌት በአገራችን መቼ ይፋ ይወጣል? ይፋ ሲወጣስ ብርቱ መልእክት የሚያደርገው ምንድን ነው? ያ መልእክት ጉልበት ባገኘ ቁጥር ደግሞ ከዓይናችን የሚሸሸው ምንድን ነው?

አንድ ቁጥር፣ አንድ ፊት፣ አንድ ቀን

ከሄሊኮፕተሩ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 3፣ የወቅቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ጸጋዬ ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጥተው ነበር። ወራት በፈጀ ምርመራ ተገኘ ያሉትን ዘረዘሩ፦ ሜቴክ ከ2004 እስከ 2010 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ያለ ጨረታ የፈጸመው 37 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የውጭ ግዢ፣ በአዲስ አበባ የተገኙ ሰባት ስውር እስር ቤቶች፣ በእስረኞች ላይ የተፈጸመ ግፍ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ዘጋቢ ፊልሞች ተከታተሉ፤ ታኅሣሥ ላይ የታየው «የፍትሕ ሰቆቃ» የተሰኘው ደግሞ ተመልካቹን እያስለቀሰ ያመሸ ነበር።

መግለጫውን የሰማ ሰው ከዝርዝሩ ውስጥ ምን ያህሉን ያስታውሳል? «ሠላሳ ሰባት ቢሊዮን» የሚለውን ነው። የግዢ መመሪያውን፣ የቅድሚያ ክፍያውን፣ የውሉን አንቀጽ ማንም አልያዘውም። የመልእክት ሙያ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ብርቱ መልእክት ከመቶ ቁጥር አንዱን ይመርጣል፣ ከብዙ ባለሥልጣን አንዱን ፊት ያቀርባል፣ ከዓመታት ታሪክ አንዱን ቀን ያጎላል። የተመረጠው ቁጥር ለመጥራት የሚቀል፣ ለመገመት ግን የሚከብድ መሆን አለበት። ሠላሳ ሰባት ቢሊዮን ብር በእጅ ቆጥሮ የሚያውቅ የለም፤ ግን ማንም ይናገረዋል፣ ማንም ይቆጣበታል።

ሌላው የሙያው ምስጢር ፍጥነት ነው። መግለጫው በተሰጠ ማግስት ምስሉ መጣ፤ ምስሉን ተከትሎ ፊልሙ። ለጥርጣሬም ለክርክርም ፋታ አልተሰጠም። ከዚያ ጥቂት ወራት በፊት የሆነውን ካስታወስን ልዩነቱ ይገባናል። የህዳሴው ግድብ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ በመኪናቸው ውስጥ ሞተው ሲገኙ አገር ደነገጠ። ፖሊስ ራሳቸውን አጥፍተዋል የሚለውን የምርመራ ውጤት ያሳወቀው ጳጉሜን 2 ቀን ነው። በመካከሉ ከአርባ ቀን በላይ አለፈ፤ ያን ጊዜ ሁሉ የሞላው ወሬ ነበር። መግለጫው ሲመጣ ብዙ ሰው አስቀድሞ የራሱን ታሪክ ጨርሶ ስለነበር የሚሰማ ጆሮ አላገኘም። መንግሥት ከዚያ የተማረ ይመስላል፤ በኅዳር ዝምታ አልነበረም።

መልእክቱ ግን ብቻውን አልቀረም። የወቅቱ የትግራይ ክልል መሪ ደብረፅዮን ገብረሚካኤል በዚያው ሰሞን ወጥተው፣ እርምጃው በሕግ የበላይነት ስም የትግራይን ሕዝብ ለማንበርከክ የታለመ ነው አሉ። ያው ካቴና በአንደኛው ወገን ዓይን የፍትሕ፣ በሌላው ዓይን የውርደት ምልክት ሆነ። ምስል ይህን ኃይልና ይህን አደጋ አብሮ ይዞ ይመጣል፤ ያሳያል እንጂ አይከራከርም። የተመለከተው ሰው አስቀድሞ በልቡ የያዘውን ያጸናለታል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ካሜራ ይህን አንቀጽ አያውቀውም። ክሱ በኋላ በበርካታ መዝገቦች ተከፋፍሎ፣ ስለ ሆቴል ግዢ፣ ስለ ያረጁ መርከቦች፣ ስለ ትራክተሮች ቀጠሮ በቀጠሮ ሲጓዝ፣ ያን ምሽት ቴሌቪዥን ፊት ያመሸው ሕዝብ አብሮ አልተጓዘም። ክስ ዜና ነው፤ ቀጠሮ ግን ዜና አይሆንም።

ጉዳዩ ከጃዊ ሲታይ

የሜቴክ ነገር ለአዊ ሰው የሩቅ ወሬ አልነበረም። ከኢንጅባራ ደጋ ወደ ምዕራብ ሲወረድ፣ ድንችና ገብሱ አልቆ ሙቀቱ ሲጀምር፣ የጃዊ ወረዳ ይገኛል። የጣና በለስ የስኳር ልማት ፕሮጀክት አንዱ ክንፍ እዚያ ነው፤ ሌላው ክንፍ በመተከል በኩል ይዘረጋል። መንግሥት በ2003 ዓ.ም. በጀመረው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ አሥር አዳዲስ የስኳር ፋብሪካዎች እገነባለሁ፣ በ2007 ዓ.ም. የአገሪቱን ምርት ወደ 2.25 ሚሊዮን ቶን አደርሳለሁ ብሎ ነበር። በበለስ የሚተከሉትን ፋብሪካዎች እንዲሠራ ውል የተሰጠው ሜቴክ ነው።

ያ ዕቅድም በራሱ ብርቱ መልእክት ነበር። በየስብሰባው፣ በየዜናው፣ በየፖስተሩ ኢትዮጵያ ስኳር ወደ ውጭ ልካ ዶላር ስታስገባ ታየች። የጃዊ ገበሬ ለአገዳው መሬቱን ሲለቅ የሰማው ያንኑ ነው፦ ፋብሪካ ይመጣል፣ ሥራ ይመጣል፣ መንገድና መብራት ይመጣል።

አገዳው ተተከለ። ቦዩ ተቆፈረ። ፋብሪካው ግን አልደረሰም። አገዳ ደግሞ ጊዜ የማይሰጥ ተክል ነው፤ በጊዜው ካልተቆረጠ ያረጃል፣ ስኳርነቱም ይቀንሳል። ማሳው ላይ ዕድሜው ያለፈ አገዳ ቆሞ፣ አጠገቡ የሚፈጨው ወፍጮ ገና ብረቱ ተበትኖ የሚታይበት ጊዜ መጣ። ውሉ በመጨረሻ ከሜቴክ ተነጥቆ ሥራው ለቻይና ተቋራጭ ተላለፈ፤ የመጀመሪያው ፋብሪካም ስኳር ማውጣት የጀመረው ከታቀደለት ጊዜ ብዙ ዓመታት ዘግይቶ ነው። በእነዚያ ዓመታት አገዳ የሚያበቅለው ዞን ነዋሪ ስኳር የሚያገኘው እንደ ሌላው አገር ሰው ነበር፦ ከሸማቾች ማኅበር በር ላይ፣ ካርድ ይዞ፣ ተሰልፎ፣ በኪሎ ተመጥኖ።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። በአንድ በኩል 37 ቢሊዮን ብርና ሄሊኮፕተሩ። በሌላ በኩል የሸማቾች ሰልፉና ያረጀው አገዳ። የመጀመሪያው በአንድ ምሽት ያልቃል፤ ሁለተኛው ዓመታት ፈጅቷል። የመጀመሪያው ፊት አለው፤ ሁለተኛው የለውም፣ ምክንያቱም በውስጡ ያለው ብዙ ሰው ነው። ልምድ የሌለው ድርጅት ብዙ ፋብሪካ በአንዴ ይሥራ ያለው ማን ነው? ፋብሪካው መሬት ላይ ሳይታይ ቅድሚያ ክፍያውን የፈረመው ማን ነው? ሪፖርቱን እየሰማ ያጨበጨበው ምክር ቤት የት ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች በአንድ ካቴና አይያዙም። ቅሌት አንድ ፊት ሲያገኝ አሠራሩ በኋላ በር ይወጣል፤ ሰውየው ይታሰራል፣ ልማዱ ይቀራል።

መስከረም 1 ቀን 1967

ይህን የመልእክት ሙያ በአገራችን ከሁሉ በላይ የተካነበት ሜቴክን ያሳየን ትውልድ አይደለም። ደርግ ከዚያ 44 ዓመት ቀደም ብሎ አሳይቶናል።

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም ቀረጸ፤ ፊልሙም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። በፊልሙ ውስጥ የነበረው ረሃቡ ነው፦ በመጠለያ የተኮለኮለ ሕዝብ፣ አጥንቱ የቀረ ሕፃን፣ ሬሳ የሚያነሡ ሰዎች። በሥልጣን ላይ የነበሩት ሹማምንት ያን ረሃብ ለወራት ሸሽገውታል፤ ይህ የማይካድ ቅሌት ነው።

ደርግ ፊልሙን አገኘና መቀስ አነሣ። በረሃቡ ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብር ገባ፤ ሠርግና ኬክ፣ ሻምፓኝ፣ ሥጋ የሚጎርሱ የንጉሡ ውሾች። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ምሽት፣ ፊልሙ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተላለፈ። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲመለከቱ ተነገራቸው፤ ተመለከቱ። በማግሥቱ ጠዋት ከሥልጣን መውረዳቸው ተነበበላቸውና በትንሽ ቮልስዋገን መኪና ከቤተ መንግሥት ተወሰዱ። ያች መኪናም መልእክት ነበረች፤ በሮልስ ሮይስ የሚያውቃቸው ሕዝብ በቮልስ ሲሄዱ አያቸው።

የወሎው ሕፃን እውነት ነው። የቤተ መንግሥቱ ግብርም እውነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሰፋው መቀስ ግን የራሱ ዓላማ ነበረው፤ ተመልካቹ ሁለቱ በአንድ ሰዓት የሆኑ ያህል እንዲሰማው አደረገ። የብርቱ መልእክት ዋና ዘዴ ሐሰት መናገር አይደለም። ሁለት እውነቶችን ሦስተኛ ሐሳብ እንዲወልዱ አድርጎ ማጎራበት ነው።

መልእክቱ ለማን እንደታሰበም ልብ እንበል። ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ ከተጀመረ ገና አሥር ዓመት ነበር፤ ሥርጭቱም ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ብዙ አይርቅም። በዳንግላም በኢንጅባራም ያን ምሽት ፊልሙን ያየ ገበሬ አልነበረም። ፊልሙ የታሰበው ለከተማው ደመወዝተኛ፣ ለተማሪውና ከሁሉ በላይ በየካምፑ ላለው ወታደር ነበር፤ ያን ሌሊት ማን ከማን ጋር እንደሚቆም የሚወስኑት እነሱ ናቸውና። ገጠሩ በሬዲዮ ሰማ፤ ከዚያም ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ በእድገት በኅብረት ዘመቻ የተሰማሩት ተማሪዎችና መምህራን ወሬውን መንደር ድረስ አደረሱት። ጎጃም ፊልሙን ሳያየው ታሪኩን ያውቀው ነበር።

ፊልሙን የሠራው እጅ ራሱ በተመሳሳይ ፊልም መያዙ ግን አልቀረም። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር ሰሜኑ እንደገና በረሃብ ላይ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ማይክል ቡርክና የካሜራው ባለሙያ ሞሐመድ አሚን ከኮረም ያቀረቡት ዘገባ ዓለምን አዳረሰ። ድግስና ረሃብን ጎን ለጎን ማስቀመጥን ለዓለም ያስተማረው ደርግ፣ አሁን የራሱ ድግስ ጎን ለጎን ተቀመጠለት።

ዛፉ ሲወድቅ

እዚህ ላይ ቀኖቹን በአንድ መስመር እንደርድራቸው። ልጅ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚለው ክስ ይፋ የሆነው መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን በተሻሩበት ቀን ነው፤ ለክሱ ማጠንከሪያ የተሠራጨው ፎቶግራፍ የተቀነባበረ ነበር የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎችም አሉ። የወሎ ረሃብ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው ነው። የታምራት ላይኔ የሙስና ጥፋት በምክር ቤት ፊት የተነገረው በ1989 ዓ.ም. ከምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርነት ሲነሡ ነው። ስዬ አብርሃ በሙስና የታሰሩት በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ለሁለት ሲሰነጠቅና እሳቸው ከተሸናፊው ወገን ሲሆኑ ነው፤ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ ብታዝም ፖሊስ ወዲያው መልሶ አሰራቸው፣ የሙስና ተጠርጣሪ ዋስ እንዳያገኝም ሕግ ወጣ። የሜቴክ ጉዳይ የፈነዳው መሪዎቹ ከወንበራቸው ከተነሡ በኋላ ነው።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይላል ሕዝባችን። በእኛ ታሪክ ቅሌት የሚወጣው ጥፋቱ በተሠራ ጊዜ ሳይሆን ባለሥልጣኑ በወደቀ ጊዜ ነው። የሚወጣው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም እውነት አለበት። የጎደለው ጊዜው ነው። ዛፉ ቆሞ ሳለ ምሳር የሚያነሣ ከሌለ፣ ወድቆ የሚመታው ምሳር እንጨት ይፈልጣል እንጂ ደኑን አያድነውም።

በሌላ አገር የሆነውን ከዚህ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ንጉሠ ነገሥቱ ከመውረዳቸው አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በዋተርጌት ቅሌት ምክንያት ሥልጣን ለቀቁ። ጋዜጠኞች ነገሩን መጎርጎር የጀመሩት ኒክሰን በሥልጣናቸው ከፍታ ላይ ሳሉ ነበር፤ ጉዳዩ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንቱ የድምፅ ቅጂዎቹን እንዲያስረክቡ በአንድ ድምፅ አዘዘ። እዚያ ቅሌቱ ሰውየውን ጣለ። እኛ ዘንድ የሰውየው መውደቅ ቅሌቱን ያመጣል።

ያልተሰማው ድምፅ

ዛፉ ቆሞ ሳለ የተናገረ አልነበረም ማለት ግን ስሕተት ነው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባል። ገመቹ ዱቢሶ ዋና ኦዲተር በነበሩበት ዘመን ያለ ማስረጃ የወጣ፣ ያልተወራረደ፣ ከመመሪያ ውጪ የተከፈለ ገንዘብ በየመሥሪያ ቤቱ እየተዘረዘረ በምክር ቤቱ ይነበብ ነበር። ባለሥልጣኖቹ በወንበራቸው ላይ ነበሩ። ሪፖርቱ ተሰማ፣ ተጨበጨበ፣ ተመለሰ።

ለምን አልፈነዳም? ምክንያቱም መልእክት የሚያደርገው ነገር አልነበረውም። ፊት አልነበረውም፣ ካቴና አልነበረውም፣ ሄሊኮፕተር አልነበረውም። «ያልተወራረደ ሂሳብ» የሚለው ሐረግ ማንንም ከወንበሩ አያስነሣም። ሪፖርቱ ቀድሞ ያለ ምስል መጣ፤ ምስሉ ዘግይቶ ያለ ሪፖርት መጣ። ሁለቱ ቢገናኙ ኖሮ የጃዊ አገዳ ማሳ ላይ ባላረጀ ነበር።

እዚህ ላይ የጋዜጠኛው ኃላፊነት ይመጣል። የሙያው ክብር ከዐቃቤ ሕግ የተሰጠውን ቁጥር ማስተጋባት ላይ አይደለም፤ ማንም ያልሰማውን የኦዲት ሠንጠረዥ ወደ ሰው ቋንቋ መመለስ ላይ ነው። አንድ ዘጋቢ ሪፖርቱን በእጁ ይዞ ከዳንግላ ወደ ጃዊ ወርዶ፣ የተከፈለውን ብርና መሬት ላይ ያለውን ብረት አስተያይቶ ቢመጣ፣ ያ ዘገባ ከማንኛውም ሄሊኮፕተር ይበልጣል። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን በአዊኛ ፕሮግራም ያስተላልፋል፤ ቋንቋውም፣ ጆሮውም፣ መንገዱም አለ። የሚቀረው ዛፉ ቆሞ ሳለ የመጠየቅ ድፍረትና ለጠያቂው የሚቆም ሕግ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ሲል የጻፈው ለዚሁ ነበር።

የአዊ ሽማግሌዎች ወግም የሚያስተምረው አለ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን በየዓመቱ ጥር 23 ሲያከብር የሚታየው ፈረሱና ጌጡ ነው፤ ማኅበሩ ግን ጠብ በማብረድና ዕርቅ በማውረድም ይታወቃል። በሽማግሌ ሸንጎ ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፣ ተራውም ይደርሰዋል። በቴሌቪዥን ዘጋቢ ፊልም የተከሳሹ ተራ አይመጣም።

አንባቢ ሆይ

ነገም ሌላ ምስል ይመጣል። ሌላ ቁጥር፣ ሌላ ካቴና፣ ሌላ አስለቃሽ ፊልም ይታያል። ቁጣህን አትንፈገው፤ ዝርፊያ ሲሰማ የማይቆጣ ሕዝብ ይዘረፋል። ቁጣህን ግን በሦስት ጥያቄ አስረው። አንደኛ፦ ይህ ጥፋት ሲፈጸም ማን ያውቅ ነበር፣ ለምንስ ዛሬ ተነገረኝ? ሁለተኛ፦ ከዚህ ሰው ሌላ የፈረመው ማን ነው፣ ያ የፈረመው ዛሬ የት ተቀምጧል? ሦስተኛ፦ ከስድስት ወር፣ ከዓመት በኋላ ፍርድ ቤቱ ምን አለ፣ የተዘረፈው ገንዘብስ ምን ያህሉ ተመለሰ?

ሦስተኛውን ጥያቄ መጠየቅ የሚከብደው ያኔ ካሜራው ስለሄደ ነው። ያን ጊዜ ጠይቅ። የምትጠይቀው አዲስ አበባ ያለውን ሚኒስትር ብቻ አይደለም፤ የወረዳህን ምክር ቤት፣ የቀበሌህን የሸማቾች ማኅበር፣ ከጎንህ ያለውን ያላለቀ የጤና ጣቢያ ተቋራጭም ጠይቅ። እነዚህ ዛፎች ዛሬ ቆመዋል። የአንድ አገር ጋዜጠኝነትም የአንድ ዜጋ ብስለትም የሚለካው ምሳሩን በእነዚህ ላይ ማንሣት በመቻሉ ነው፤ የወደቀውንማ ማንም ይቆርጠዋል።